በውኃ የሚሞላ ዳምቤል ለእናቴ ይሆናል ወይ? (እስከ መልስ 38 የተባለው ሁሉ)

የውይይት ክሩ (ጥያቄውና ከስሩ የተጻፉት መልሶች) ረዘመ። መልስ 29 ላይ የተጠየቀው ነገር መልስ 5 ላይ ተመልሶ ሳየው ተናደድኩ። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። የራሴን አስተያየትም ጣል ጣል አድርጌበታለሁ፣ ያልተስማማ ከስር ይጻፍ።

መጀመሪያ ጥያቄው። ጠያቂው ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነው። እናቱ ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሐኪሙም የጭን ጡንቻቸውን እንዲያጠነክሩ ነግሯቸዋል። ጂም አይሞክሩትም። ወጣት ተሰልፎ መስታወት የሚያይበት ቤት ገብቼ ምን ልሆን ነው ይላሉ አሉ። እህቱ ደግሞ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ እዚያ አንድ ዕቃ አይታለች። ባዶውን ሲሆን ታጥፎ ሻንጣ ጥግ የሚገባ፣ ከደረሱ በኋላ ውኃ የሚሞላበት ዳምቤል (በእጅ የሚነሳ ክብደት) እና እንደ ትራስ ረዘም ያለ ቦርሳ። ማስታወቂያው መገጣጠሚያ አይጎዳም ይላል። ላምጣ ወይ ብላ ጠይቃዋለች። እሱም ይህ ነገር እውነት ይሠራል ወይስ ሃይላንድ ሞልቼ ልስጣት ብሎ ወደኛ አመጣው።

መልስ 1 እንደተለመደው ቀልድ ነው። ውኃ የሚሞላ ዕቃ ከማስመጣትህ በፊት ውኃው ራሱ መቼ እንደሚመጣ አጣራ ብሎት ሄደ። ሁሉም ሳቀ። ቀልዱ ግን በኋላ ወደ ጠብ ተቀይሯል፣ እንደርስበታለን።

መልስ 2 ቁም ነገር የጀመረች ናት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 2 ኪሎ ዳምቤል ማለት ነው፣ ግማሽ ሊትሯም ግማሽ ኪሎ። ታዲያ ለምን ዶላር ይወጣል ባይ ናት። መልስ 3 ተስማማ፣ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ ባለ 2 ሊትሩ ወገቡ ወፍራም ስለሆነ ክብደቱን ክንድ ሳይሰማው ጣት ይደክማል። ጣታቸውን ለሚቆረጥማቸው እናት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እጀታ ያላት ትንሽ የዘይት ጀሪካን ትሻላለች ብሏል። ይህን ያለው ሰው በእጁ የሞከረው እንደሆነ ያስታውቃል።

መልስ 4 አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው እዚህ ይቀልላል የሚል ግኝት ይዞ መጣ። መልስ 6 በትህትና አረመው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው፣ ከፍ ሲሉም ክብደት መቀነሱ እውነት ነው። ግን በ2 ኪሎ ላይ የሚመጣው ልዩነት 2 ግራም ያህል ነው። ሁለት ግራም ጡንቻ አያውቀውም። መልስ 4 አመሰገነና ጠፋ። በዚህ ክር ውስጥ እንዲህ በሰላም ያለቀ ክርክር ይህ ብቻ ነው።

መልስ 5 ላይ ያለው የውኃው ሽታ ጉዳይ ነው። ውኃውን ለወራት እዚያው ከተዉት ውስጡ ይንሸራተታል፣ ይሸታል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ አረንጓዴ ያበቅላል። መፍትሔው ጥቂት ጠብታ በረኪና ጠብ ማድረግ፣ አልፎ አልፎ መቀየር፣ ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ከሆነም ደፍቶ ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ ነው። በረኪና የገባበትን ውኃ ልጆች እንዳይጠጡት ዕቃው ላይ ምልክት አድርጉ ብላለችም። መልስ 29፣ ጌታው፣ መልስህ ይኸው።

መልስ 7 ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ነኝ ያለች ናት። ረጅም ጻፈች፣ ግን መስመር በመስመር መነበብ አለበት። መጀመሪያ ያረመችው ማስታወቂያውን ነው። መገጣጠሚያ የማይጎዳው ውኃው አይደለም፣ እንቅስቃሴው ነው። እግር መሬት ላይ እያለ፣ ሳይዘሉ፣ ቀስ ብሎ የተሠራ ሁሉ ለጉልበት ይመቻል። ውኃ የሞላ ቦርሳ ተሸክሞ የሚዘል ሰው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ዱላ ብረት ተሸክሞ ከሚዘለው አይለይም። ፕላስቲኩ የሚሻለው ከእጅ ሲያመልጥ ነው። ጣት ላይ ሲወድቅም፣ ሴራሚክ ላይ ሲወድቅም።

ቀጥላ ዳምቤሉ መጀመሪያ አይደለም አለች። ለእናትህ የመጀመሪያው መሣሪያ ወንበር ነው። ግድግዳ የተደገፈ፣ የማይንሸራተት፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ። በእጃቸው ሳይደገፉ መነሳት ካቃታቸው ትራስ ተነጥፎ ወንበሩ ከፍ ይበል። ቀጥሎ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ አንድ እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳትና ትንሽ ማቆየት። ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት። ይህ ሁሉ በባዶ እጅ ነው። ሲቀልላቸው ያኔ ውኃውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁጭ ብድግ ይበሉ። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፣ በተለይ ደም ግፊት ካለባቸው። ሲነሱ ያስወጡ፣ ሲቀመጡ ያስገቡ። ህመሙ በማግስቱ ብሶ ካደረ በዝቷል ማለት ነው፣ ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣውን መመሪያም ጠቅሳለች። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይጨመራል። እናቲቱ እዚያ ዕድሜ ጫፍ ላይ ስለሆኑ ሁለቱም ይመለከታቸዋል።

መልስ 8 እንግዲያውስ ዕቃው ምን ጥቅም አለው ሲል ጠየቀ። የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ መልስ 9። ጥቅሙ ያለው መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመር መቻሉ ላይ ነው ይላል። ብረት ዳምቤል ከ2 ኪሎ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ 3 ኪሎ ነው። ይህ በአንድ ጊዜ 50 በመቶ መጨመር ነው። ለወጣት ምንም አይደለም። ትከሻው ለታመመ ሰው ወይም ለእማማ ግን ትልቅ ዝላይ ነው። ጡንቻ ሲለምድ መጨመር ያለበት ከ2 እስከ 10 በመቶ ያህል ነው። በ2 ኪሎ ላይ 10 በመቶ ማለት 200 ግራም፣ 200 ግራም ውኃ ማለት ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር። በመለኪያ ቀድተህ ትጨምራለህ፣ አለቀ። ይህን በቀላሉ የሚያደርግልህ ብረት አታገኝም።

መልስ 10 ወዲያው ያዘው። እንዲህ ከሆነማ ዕቃው ሁልጊዜ ጎደሎ ነው፣ ጎደሎ ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ ይናወጣል። እጅህ ቆሞ ውኃው ገና ይሄዳል። ረጅሙ ቦርሳ የሚሸጠውም በዚሁ ነው፣ ሰውነት መናወጡን ለማቆም ሲል የሆድና የወገብ ጡንቻውን ያሠራል። ለኳስ ተጫዋች ጥሩ ነው። ጉልበቷ ለከዳት እናት ግን መንገዳገድ ማለት ነው። ትክክል ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ውኃ የማይናወጠው እስከ አፉ ሞልቶ አየር ሲያጣ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ የፈለገ ሰው ባለ 2 ሊትሩን በግማሽ ከሚሞላ ባለ 1 ሊትሩን ጢም አድርጎ ይሙላ። መጨመር ሲፈልግ ትናንሽ ሙሉ ጠርሙሶችን ዘንቢል ውስጥ ይደርድር። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ መልስ 10 ራሱ ነው ያመጣው፣ መልስ 9ም ተቀብሎታል። ትንሽ ዳምቤል ቀስ ብሎ ለሚያነሳ ሰው ግን ትንሽ መናወጡ ብዙም አያሳስብም ብሎ አንድ እግሩን በሩ ላይ ትቶ ወጣ። ቦርሳውን በተመለከተ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለእናትዬው አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበላሸ። መልስ 11 ጂም የሚሠራ ልጅ ነው። ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው አለ። ብረት ከውኃ ወደ ስምንት እጥፍ ይከብዳል፣ 10 ኪሎ የውኃ ዳምቤል ግማሽ ጀሪካን ያህላል፣ በምን እጅ ነው የምትይዘው አለ። እንደ ሒሳብ ልክ ነው። መልስ 12 ጥያቄውን አንብበህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። መልስ 13 የጂሙን ልጅ ደግፎ ገባ። መልስ 14 ስለ ጡንቻና ስለ ጭንቅላት አንድ ነገር ተናገረ፣ ተሰርዟል። መልስ 15 ነገሩን ሊያበርድ ብሎ የፒያሳ ልጅነቱን አወራ። በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ መሐሉ ቧንቧ ሰክተው ክብደት ይሠሩ ነበር። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ይከብድ ነበር። ሁላችንም በአንድ በኩል ትከሻችን ሰፋ ብሎ ያደግነው ለዚህ ነው ብሏል። አመሰግናለሁ፣ ያስፈልግ ነበር።

መልስ 16 ላይ አንዲት ሴት መጣች፣ ቀልድም አላማራት። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንስራ ተሸክመው ከምንጭ ሲመላለሱ ኖረዋል። ውኃ መሸከም ጤና ቢሆን ኖሮ ወገባቸው ባልተቆረጠ ነበር። አሁን ደግሞ ያንኑ ሸክም በፕላስቲክ አሽገው ይሸጡልናል አለች። መልስ 17 ሰውየው ረጋ ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ሸክም ሲደክም አይወርድም፣ ዳምቤል ሲደክም ይቀመጣል። ሸክም መጠኑን የሚወስነው የቤቱ ፍላጎት ነው፣ ስፖርት መጠኑን የሚወስነው አካል ነው። ሸክም ዕረፍት ቀን የለውም። እንደ ሐሳብ ቆንጆ ነበር፣ ብቻ እንደ ተማሪ ነበር ያስተማራት። መልስ 18 ላይ ተመልሳ ልክ ልኩን ነገረችው። እናቴ ጀርባ ላይ ያለውን የማሰሪያ ጠባሳ አንተ አታስረዳኝም አለችው። ለዚህ መልስ የለም። እሱም አልመለሰም፣ ደግ አደረገ።

መልስ 19 የሁለቱንም ይዞ ወደ ቤት አመጣው። ዛሬም ቢሆን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን መሸከም አልቀረም። ከተሸከማችሁ አይቀር አንድ ባለ 20 ሊትር በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ወገባችሁን ከምታጣምሙ ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ ያዙ። ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ጀሪካኑን ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉ፣ እያነሳችሁ አትዙሩ። በየደረጃው ማረፊያ ላይ አስቀምጡ። ይህን ለሠራተኞቻችሁም ንገሩ ብሏል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት።

መልስ 20 ጠያቂው ራሱ ነው። ክሩን ለእናቱ አንብቦላቸው በሳቅ ሞተዋል። ውኃ በሚመጣበት ቀን በአምስት ሊትር ጀሪካን ከታች እስከ 4ኛ ፎቅ የምመላለሰው ለምን እንደ ስፖርት አይቆጠርልኝም አሉት። መልስ 21 ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ቶሎ መለሰች። ለልብና ለሳምባ ይቆጠርላቸዋል። ለታመመ ጉልበት ግን ጭኖ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በተለይ መውረዱ፣ ሐኪሙ ካዘዘላቸው ጋር አንድ አይደለም። ጀሪካኑን አንተ ተሸከምላቸው፣ እሳቸው ወንበሩን ይሥሩ አለችው። ልጁ እሺ አለ። እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር።

አልቆመም። መልስ 22 የውኃ ዳምቤል አውቃለሁ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ከስፖንጅ የተሠራ ቀላል ነገር ነው አለ። መልስ 23 ያ ሌላ ነው አለው። ያኛው ውኃ አይሞላም፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። መንሳፈፉ ነው ሥራው፣ ወደ ታች ስትጫነው ይታገልሃል። ገንዳ ውስጥ ሰውነት ስለሚቀልል ለጉልበት እጅግ ጥሩ ነው። ብቻ ደረቅ መሬት ላይ ጥጥ ነው። ከዚያ ስለ ፍልውኃ ተነሳ። እትጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን እዚያ ሙቅ ውኃ አጠገብ መቆርቆራቸው፣ እማማ እዚያ ቢዘፈዘፉ ይሻላቸው እንደሆነ፣ ወረፋው፣ የድሮው ወረፋ። ሙቅ ውኃ ህመምና ግትርነት ያላላል፣ ጡንቻ ግን አይገነባም። ይህን ያለ ሰው ስላልነበረ እኔ ልበለው።

መልስ 24 ዕቃውን መስቀል አደባባይ ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህ ማለዳ ደረጃው ላይ የሚሠራው ሕዝብ ብዙ ነው። ባዶውን ቦርሳ ከትቶ መሄድ ቀላል ነው፣ ግን የት ነው የሚሞላው? ከቤት ሞልቶ ከሄደ ደግሞ ተንቀሳቃሽነቱ ምኑ ላይ ነው? ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ መልስ አላገኘም። ምክንያቱም መልስ 25 ላይ ያ የፈራሁት መጣ። አንዱ በሳምንት አንዴ ውኃ በማገኝበት ሰፈር ተቀምጬ እናንተ ውኃ ይዛችሁ ትጫወታላችሁ አለ። ተቆጥቷል፣ እውነቱንም ነው። መልስ 26 ውኃው አንዴ ነው የሚሞላው፣ አይፈስም፣ አይጠፋም አለው። ደርቆ በቀረ ቧንቧ ፊት ይህ ክርክር አያሳምንም። ለእኔ ግን መልስ 25 ሳያውቀው መፍትሔውን ተናግሯል። ለፈረቃው ተሞልቶ ጥግ የተቀመጠው ጀሪካን ውኃው እስኪፈለግ ድረስ ክብደት ነው። ለእሱ በረኪና አይገባበትም፣ የሚጠጣ ነውና።

መልስ 27 ጨው ቢጨመርበት ይከብዳል ወይ ብሏል። ይከብዳል፣ ግን እስከሚችለው ድረስ ጨው ቢሟሟበት እንኳን ሊትሩ ከ1.2 ኪሎ አይዘልም። ጨውህን ለወጥ አስቀምጥ። መልስ 28 በደረቅ አሸዋ መሙላት ይሻላል አለ። አሸዋ ከውኃ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ አይናወጥም፣ አይሸትም። ባለ 2 ሊትሩ 3 ኪሎ ገደማ ይሆንልሃል። ኮንዶሚኒየም ሥር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያድስ ሰው ስላለ አሸዋ አይጠፋም፣ ጠይቆ መውሰድ ነው። መልስ 29ን አልፌዋለሁ።

መልስ 30 ስለ ማፍሰስ ነው። የእሱ ቦርሳ ክዳኑ ላልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አድሮ ጠዋት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን አንኳኩ። ሞልታችሁ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ገልብጣችሁ አሳድሩት፣ ክዳኑ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠምጥሙበት ይላል። መልስ 31 ውኃው አፍልቶ ከተሞላ አይሸትም ብላ ስትመክር መልስ 32 ትኩስ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል ብሎ ከለከላት። እሷም አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምንም አይል አለች። 92ትም ቢሆን ለስስ ፕላስቲክ ብዙ ነው፣ እመቤቴ። ይቀዝቅዝ።

ሻንጣውን በተመለከተ መልስ 33 ያለው በቂ ነው። ብረት ዳምቤል በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ዕብደት ነው፣ ይህ ግን ባዶውን ስለሚቀልል ያስኬዳል። ልጁ እህቱን ትናንሾቹን ዳምቤሎች ብቻ አምጪ፣ ቦርሳውን ተዪው ብሏታል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እነሱ እስኪመጡ ድረስ ደግሞ ወንበር ቤት ውስጥ አለ፣ ዛሬውኑ ይጀመር።

ከመልስ 34 እስከ 38 ያለው በሙሉ ጾም ላይ ጡንቻ ይገነባል ወይስ አይገነባም፣ ሽሮ ስንት ፕሮቲን አለው፣ የባቄላ ይሻላል የሽምብራ የሚል ነው። የጂሙ ልጅም ተመልሶ መጥቷል። እዚህ አይደለም፣ አዲስ ክር ክፈቱ።